ፊልጶስ ከሄደ በኋላ



የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ጥምቀቱ ላይ እናቆማለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚገርም ነገር አለ፤ ከውኃው እንደወጡ የጌታ መንፈስ ያጠመቀውን ፊልጶስን ነጥቆ ወሰደው። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ግምጃ ቤት ሹም የሆነው ጃንደረባ ገና ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው ምድረ በዳ መንገድ ላይ ነው። አገሩ ሩቅ፣ መምህሩ የለም፤ በእጁ ያለው የኢሳይያስ መጽሐፍ ነው። ያም ሆኖ የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ ጃንደረባውን ሲያዝን አላሳየንም፤ በደስታ ጉዞውን ሲቀጥል እንጂ።

እኛ የእግዚአብሔርን መገኘት የምንለካው በፊልጶሶቻችን ነው፦ በንስሐ አባታችን፣ በምንወደው ሰባኪ፣ በጉባኤ ባፈሰስነው እንባ። እነሱ ሲርቁ እግዚአብሔርም የራቀ ይመስለናል። እኔን የሚገርመኝ ግን የጃንደረባው መመራት ፊልጶስን ከማየቱ በፊት መጀመሩ ነው። እሱ ሰረገላው ላይ ተቀምጦ፣ ያልገባውን ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ የጌታ መልአክ ፊልጶስን ወደዚያው መንገድ ልኮት ነበር። ጃንደረባው ይህን በምን ያውቃል? ምናልባት ምንም አልተሰማውም።

ዛሬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ ልባችሁ ደረቅ ከሆነባችሁ፣ ትናንት ያነበባችሁትን የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።