ባና በሚለበስበት አገር የመኪና ማቀዝቀዣ ምን ይሠራል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ያሰማነው ንግግር)



የንግግራችን ርእስ በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ እንደ ሳቃችሁ ሰምተናል፡፡ መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የመንዝ ከተማ ናት፤ በበጋው ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል፤ ሰዉም ባና ደርቦ ይወጣል፡፡ «በዚህ አገር ስለ መኪና ማቀዝቀዣ የሚጨነቅ ማን ነው?» ቢባል አንቀየምም፡፡

ነገር ግን የማቀዝቀዣው ሥራ አየርን ማብረድ ብቻ አይደለም፤ ማድረቅም ነው፡፡ እርጥብ አየር በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሲያልፍ ውሃው ተንጠባጥቦ ይቀራል፤ የደረቀውም አየር በማሞቂያው አልፎ የፊቱን መስታወት ያጠራል፡፡ ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ ጣርማ በር የሚደርስ ሾፌር በጭጋግ ውስጥ በገደል አፋፍ ይነዳል፡፡ ከዚያም ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል፡፡ ስለዚህ ዕቃው ለዚህ ሾፌር ጌጥ ሳይሆን ዓይን ነው፡፡

ወደ መሐል ሜዳ በሄድን ጊዜ በማለዳ ሞተሩ ተነሣ፤ የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ግን አልያዘም፡፡ መስታወቱም በትንፋሻችን ታፈነ፡፡ አንድ የመኪና ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ አየና «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፤ ሌላ ግዙ» ሲል ፈረደ፡፡ ሾፌራችን የቤተሰቡን ወጪ እያሰበ ዝም አለ፡፡ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ቁልፉን ብንጫነው ኮምፕሬሰሩ «ቀጭ» ብሎ ያዘ! ሙት አልነበረም፤ በርዶት ነበር፡፡

ምክንያቱ እንዲህ ነው፡፡ በብዙ መኪናዎች ውስጥ ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በ25 ዲግሪ ሙቀት ወደ 5.7 ባር ግፊት አለው፤ አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲወርድ ግን ግፊቱ 2 ባር ገደማ ይሆናል፡፡ ጋዝ ጎድሎ ኮምፕሬሰሩ እንዳይቃጠል የሚጠብቀው የግፊት ማብሪያ በብዙ መኪና ላይ መስመሩን የሚቆርጠው በዚሁ መጠን አካባቢ ነው፡፡ ማብሪያው ብርድንና የጋዝ ጉድለትን ለይቶ አያውቅም፤ መለየት ያለበት ሰው ነው፡፡ እስኪሞቅ ድረስ ማሞቂያውን ከፍቶ የውጭውን አየር ማስገባት ይበቃል፡፡

ሞቆም እንቢ ቢል ምን እናድርግ? የኤሌክትሪኩን መንገድ እንከተል፡፡ ኃይሉ ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝና በሪሌ አልፎ ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ቺንጊያ ጋር ወደሚያገናኘው የማግኔት ጥቅል ይደርሳል፤ በመኪናው አካልም በኩል ወደ ባትሪ ይመለሳል፡፡ የግፊት ማብሪያው በዚህ መንገድ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፡፡

በመጀመሪያ ፊውዙ ይታይ፡፡ ተቃጥሎ ከተገኘ ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ በምትኩ ወፍራም ሽቦ አይታሰር፤ እንዲህ ያደረገ ሰው መኪናውን ለእሳት አዘጋጀ፡፡ ሁለተኛ፤ ሪሌው አጠገቡ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ይለዋወጥ፡፡ ሦስተኛ፤ ማቀዝቀዣው በርቶ ሳለ የኮምፕሬሰሩ መሰኪያ በቴስተር ይለካ፡፡ 12 ቮልት ደርሶ ካልያዘ ጥፋቱ በጥቅሉ ወይም ወደ መኪናው አካል በሚመለሰው ሽቦ ነው፡፡ ኃይሉ ካልደረሰ ግን ኮምፕሬሰሩ ንጹሕ ነውና ወደ ኋላ እየለኩ መሄድ ነው፡፡ ጥቅሉን ለብቻው ስንለካው 4 ኦም ያህል ቢያሳይ 12ን ለ4 አካፍለን 3 አምፔር እንደሚስብ እናውቃለን፤ በክፍል የተማርነው የኦም ሕግ እዚህ ላይ እንጀራ ያበላል፡፡ የግፊት ማብሪያውን በሽቦ አገናኝቶ መንዳት ግን ክልክል ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር ጋዝ ሲያልቅ ብረት ከብረት ይፋጫል፡፡

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፡፡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በባትሪ የሚሄዱት እየበዙ ነው፡፡ የእነዚህ ኮምፕሬሰር በብዙ መቶ ቮልት ይሠራል፤ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ገመዱም ሰው ይገድላል፡፡ ልዩ ትምህርት ያልተማረ ሰው አይንካው፡፡

ክቡራን ሆይ፤ በዚያ ማለዳ ሾፌራችን በአንድ ቃል ብዙ ገንዘብ ሊያጣ ነበር፡፡ በየመንገዱ እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰጥበት ባለመኪና ስንት ይሆን? መድኃኒቱ ሳይለኩ አለመፍረድ ነው፡፡ እኛም ብንሆን ቀመሩን በደብተራችን ጽፈን ቴስተር በእጃችን ሳንይዝ የምንመረቅ ከሆነ ከዚያ ሠራተኛ በምን እንሻላለን? ስለዚህ መምህራኖቻችን አንድ አሮጌ ኮምፕሬሰርና ጥቂት ቴስተሮች ለመለማመጃ እንዲያስገኙልን በትሕትና እንለምናለን፡፡