የአና ዝምታ
(በማኅበራችን የቡና ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የማወራው ስለ ቴሌቪዥን ድራማ ነው። አትሳቁ! «ዳውንተን አቢ» የተባለውን የእንግሊዞች ተከታታይ ድራማ ከመካከላችን ያየነው ጥቂት አይደለንም። ላላያችሁት፣ የአንድ ባላባት ቤተሰብና የሠራተኞቹ ታሪክ ነው። ጌቶቹ ፎቅ ላይ፣ አሽከሮቹና ገረዶቹ ምድር ቤት ይኖራሉ።

ሰው ድራማውን የወደደው ለልብሱ፣ ለቤቱ ውበትና ለፍቅሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የገና ዕለት ማቲው ልጁ በተወለደ ቀን በመኪና አደጋ ሲሞት ተመልካቹ አዘነ፣ ተቆጣም። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቁጣ ግን ሌላ ነበር።

አራተኛው ምዕራፍ ታሪኩን 1922 ላይ ይጀምራል። በሦስተኛው ክፍል ታዋቂዋ ዘፋኝ ኔሊ ሜልባ ለጌቶቹ ልትዘፍን ትመጣለች። ቤተሰቡም ሠራተኛውም ፎቅ ላይ ተሰብስቦ ሲያዳምጥ፣ የእመቤቲቱ ደንገጡር አና ምድር ቤት ብቻዋን ትሆናለች። ግሪን የሚባል የእንግዳ ጌታ አሽከር እዚያው አስገድዶ ይደፍራታል። ድርጊቱ አይታይም፤ ጩኸቷ ይሰማል፣ ከላይ ደግሞ ዘፈኑ።

ክፍሉ በኦክቶበር 2013 በአይቲቪ ሲተላለፍ፣ ለብሮድካስት ተቆጣጣሪው ለኦፍኮም ከ200 በላይ አቤቱታ ደረሰ። «እሑድ ማታ ከቤተሰብ ጋር የምናየው ድራማ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ምን አመጣው?» የሚል ነበር የብዙዎቹ ቅሬታ። ኦፍኮም ግን ምርመራ አልከፈተም፤ ክፍሉ የታየው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፣ ሲጀመርም ማስጠንቀቂያ ተነግሯል። ደራሲው ጁልያን ፌሎውስም ዓላማው ድርጊቱ በአናና በባሏ ላይ የሚያስከትለውን ማሳየት እንደሆነ ተናገረ።

የእሑድ ማታው ቅሬታ እኔን ብዙም አያሳምነኝም። የሚከብደኝ የሌሎቹ ተቺዎች ነው፤ የሴቲቱ መከራ ለታሪክ ማሟሟቂያ ሆነ አሉ። እውነት አላቸው። ግሪን ለንደን ውስጥ መኪና ገጭቶት ሲሞት ጥያቄው ሁሉ «ባሏ ገፍቶት ይሆን?» ሆነ። በአምስተኛው ምዕራፍ ይባስ ብሎ አና ራሷ ተጠርጥራ ታሰረች። የእሷ ቁስል የት ገባ?

ነገር ግን ዝምታዋን በደንብ ነው የጻፉት። አና ለቤቱ አስተዳዳሪ ለሚስስ ሂዩዝ ብቻ ትናገራለች፤ ለሌላው «ራሴን ስቼ ወደቅሁ» ትላለች። ባሏ ቤትስ ቀድሞ በሐሰት ተከሶ ሞት ተፈርዶበት የነበረ ሰው ነው። ቢሰማ ይገድለዋል፣ ከገደለም ይሰቀላል። እፍረቱ እንዳለ ሆኖ፣ ዝምታዋ ስሌትም አለበት። «ለምን ቶሎ አልተናገረችም?» የሚሉ ሰዎች ይህንን ስሌት አይቆጥሩትም። እዚህም ሆነ በዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠሩ፣ በሰው ቤት ያደሩ እኅቶቻችን ግን ያውቁታል፤ ደመወዙ፣ መኝታው፣ ፓስፖርቱ በአሠሪ እጅ ሲሆን አንድ ቃል ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ስንት ነገር ይታሰባል።

ሚስስ ሂዩዝ በዚያች ሌሊት ያደረገችውንም ልብ በሉልኝ። አልጮኸችም፣ አልመረመረቻትም። የምትለብሰው ልብስ አመጣችላት።

አናን ሆና የተጫወተችው ጆአን ፍሮጋት በጃንዋሪ 2015 የጎልደን ግሎብ ሽልማት አገኘች። መድረኩ ላይ ቆማ፣ ክፍሉ ከታየ በኋላ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ደብዳቤ እንደጻፉላት ተናገረች። ከእነሱ አንዷ ለምን እንደጻፈች በውል እንደማታውቅ፣ ብቻ መሰማት እንደፈለገች ነበር የገለጸችው። ፍሮጋትም «ሰምቼሻለሁ» የሚል መልስ በዓለም ፊት ሰጠቻት። ያ ሁሉ አቤቱታና ትችት ሲጻፍ ይህች ሴት ደብዳቤዋን ለአንዲት ተዋናይት ነው የላከችው። ከዚያ በፊት የምትነግረው ሰው ነበራት ይሆን?

በሉ፣ ሁለተኛው ቡና ደርሷል። ማየት ለምትፈልጉ፣ አራተኛው ምዕራፍ፣ ሦስተኛው ክፍል ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን፤ የሚከብዳችሁ ካላችሁም ብቻችሁን አትዩት።