ለእግዚአብሔር የሚተርፈው ሰዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ሥራ ብዛትና ስለ ሰዓት አመዳደብ ነው። ይህ ነገር ለነጋዴና ለጽሕፈት ቤት ሹም እንጂ ለዐውደ ምሕረት አይስማማም የሚል ሰው ቢኖር፥ እስክጨርስ ድረስ ጥቂት ይታገሠኝ።

በእኛ በገዘርና በአካባቢዋ የሰው ሥራ ብዙ ነው። እንሰቱ ይፋቃል፤ ኮረሪማው ይሰበሰባል፤ ቡናው በወቅቱ ካልተለቀመ ይረግፋል። ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ፥ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ልጅ ይታመማል፤ ጎረቤት ይሞታል፤ ዕድር ይጠራል። የእጅ ስልኩም በኪስ ውስጥ ሆኖ ሌት ተቀን ይጣራል። እንግዲህ አንዱን ምእመን «ስለ ምን ከቅዳሴ ቀረህ?» ብለን ስንጠይቀው «አባ፥ ጊዜ አጣሁ» ይለናል። ሐሰት አልተናገረም፤ በእርግጥም አጥቷል። ነገር ግን ለገበያው ጊዜ አላጣም፤ ለዕዳ ክርክሩም፥ ለመሸታ ቤቱም አላጣም። ለእግዚአብሔር የመደበው፥ ከሌላው ሁሉ በኋላ የሚተርፈውን ሰዓት ነበረ፤ የሚተርፍ ሰዓት ደግሞ ከቶ የለም።

እኔ ከዚህ የተለየሁ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በኅዳር ወር፥ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፥ የቤተ ክርስቲያናችን የጣሪያ ቆርቆሮ ስለሚለወጥበት ጉዳይ ከሽማግሎች ጋር ተሰብስበን ሳለን፥ አንድ ብላቴና ከገጠር እየሮጠ መጣ። አባቱ በጠና መታመሙን፥ ንስሐ መግባት እንደሚሻና «አባ ዛሬውኑ ይድረሱልኝ» ብሎ እንደ ላከው ነገረኝ። ሰውየው የንስሐ ልጄ ነበረ። እኔ ግን «ስብሰባው እንደ ተፈታ እመጣለሁ በለው» ብዬ ልጁን መለስሁት። ከዚያ በኋላ ስለ ምስማሩ ዋጋ ተከራከርን፤ ስለ አናጢው የእጅ ዋጋ ተከራከርን፤ ገንዘቡንም እኔው ራሴ ቈጥሬ፥ እኔው ራሴ በመዝገብ ጻፍሁ። ስንነሣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ዝናብ ጥሎ ስለ ነበረ መንገዱ ጭቃ ነው። ከቤቱ አጠገብ ስደርስ ጨለመ፤ የልቅሶውንም ድምፅ ከሩቅ ሰማሁት።

ሚስቱ አልወቀሰችኝም። መስቀሉን ተሳለመች፤ በርጩማ አቀረበችልኝ፤ ከዚያም «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ደጅ ደጁን እያየ ሲጠብቅዎ ነበር» አለችኝ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

ቤተ ክርስቲያን ለሞተው ልጅዋ ጸሎተ ፍትሐት ታደርሳለች፤ እኔም አደረስሁ። የእግዚአብሔርም ቸርነት በእኔ መዘግየት እንደማይታገድ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ያ ሰው ሊነግረኝ የፈለገው ምን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሊሰማው የተሾመው ጆሮ በምስማር ዋጋ ተይዞ ነበርና።

የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ክፉ ነገር አይደለም፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ባወቅሁትና በሸሸሁት ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ከዋናው ነገር የሚያዘገየን ሌላው መልካም ሥራ ነው። ማርታም ብትሆን በቤትዋ ስትባክን የነበረው ጌታን ለማስተናገድ ነው፤ ለራስዋ ድግስ አልነበረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የኦሪት ዘፀዓት ዐሥራ ስምንተኛውን ምዕራፍ አንብቡ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ በሕዝቡ ላይ ይፈርድ ነበር፤ ሕዝቡም ቆሞ ይውል ነበር። አማቱ ዮቶር ይህን አይቶ፥ አንተም ትደክማለህ፥ ሕዝቡም ይደክማል አለው። ሕዝቡን በእግዚአብሔር ፊት ማቆምና ሕጉን ማስተማር ለሙሴ ሆነ፤ ቀላሉን ክርክር ግን በሺህ፥ በመቶ፥ በኀምሳና በዐሥር ላይ የሚሾሙ የታመኑ ሰዎች እንዲፈርዱት ተደረገ። ልብ በሉ፤ ዮቶር ሙሴን «ፍጠን፥ ማልደህ ተነሣ፥ እንቅልፍህን ቀንስ» አላለውም። ሸክምህን አካፍል ነው ያለው። ሐዋርያትም የመበለቶች ማዕድ ነገር በተነሣ ጊዜ ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አድርገው ሾሙ፤ ማዕዱን ስለ ናቁ አይደለም፥ ጸሎቱና ቃሉ የተሰጣቸው ለእነርሱ ስለ ሆነ ነው።

ይህን እኔ በጉባኤ ቤት ተምሬዋለሁ፤ አስተምሬዋለሁም። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲም ካህናቱን፥ ምእመናኑንና ወጣቶቹን በአንድ ሰበካ ጉባኤ አስተባብሮ የአጥቢያውን ሥራ እንዲካፈሉት ማድረጉን አውቃለሁ። ሆኖም መዝገቡን በጉያዬ ይዤ እኖር ነበር። «ያለ እኔ አይሆንም» ማለት ከውጭ ሲያዩት ትጋት ይመስላል፤ ወደ ውስጡ ሲገቡ ግን ትዕቢት ሆኖ ይገኛል። በየቤታችሁም እንዲህ ያለ መዝገብ አለ። ልጁ ሊሠራው የሚችለውን አባት ራሱ ይዞ ይደክማል፤ ልጁ ግን ከአባቱ በቀር ማንም ሊሰጠው የማይችለውን ምክር ሳያገኝ ያድጋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሰዓቱን አስቀድማ ከፍላ ሰጥታናለች። ቅዱስ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ አምላኩን እንዳመሰገነ፥ እኛም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት የተባሉ ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉን። በነግህ ጌታ በጲላጦስ አደባባይ መቆሙን፥ በቀትር መሰቀሉን፥ በተሰዓት ነፍሱን መስጠቱን፥ በሠርክ መቀበሩን እናስባለን። ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምረን ስለምንቈጥር የእኛ ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ከወንጌሉ ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ጋር አንድ ነው። ቡና ለቃሚው ቀና ብሎ ፀሐይዋን በራሱ ላይ ባየ ጊዜ ጌታው የተሰቀለበትን ሰዓት አየ። ቅርጫቱን አስቀምጦ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለማድረስ ስንት ፍሬ ይረግፍበታል?

ዳንኤልን አስቡ። ዳርዮስ ንጉሥ በመንግሥቱ ላይ 120 መሳፍንት ሾሞ ነበር፤ በእነርሱም ላይ ሦስት አለቆች አደረገ፤ ዳንኤል ከሦስቱ አንዱ ነው። ከእርሱ የበለጠ ሥራ የበዛበት ሰው ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። ጠላቶቹ ያወጡት አዋጅ ስንት ቀን የሚቈይ ነበረ? ሠላሳ ቀን ብቻ ነው። «ይህች ወር ትለፍና ከዚያ በኋላ» ማለት ይችል ነበር፤ እኛ «ቡናው ይለቀምና ከዚያ በኋላ» እንደምንለው። እርሱ ግን አዋጁ መውጣቱን ባወቀ ጊዜ ወደ ቤቱ ገባ፤ እንደ ቀድሞውም ጸለየ።

የእኛም አባቶች እንዲሁ ነበሩ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ክብር ሲከራከሩ አገራቸውን ለቀው ተሰደዱ፤ በሩቅ አገር በአርማንያም ዐረፉ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። እነርሱ ስለ አንዲት ቀን አገር ለቀቁ፤ እኛ ግን ቅዳሜ ከገበያ አምሽተን እንመለስና እሑድ ቅዳሴው ሲጋመስ እንነቃለን። ገበያ አትውጡ አልላችሁም፤ በጊዜ ግቡ እላችኋለሁ።

ስለዚህ ወገኖቼ፥ ዛሬ ማታ የነገውን ሥራችሁን ስታስቡ ከሁሉ አስቀድማችሁ አንዲት ሰዓት ለዩ፤ ሌላው ሥራ ሁሉ በእርስዋ ዙሪያ ቦታውን ይፈልግ። የታመመ የምትጠይቁ፥ የተጣላችሁትን የምትታረቁ፥ ወደ ንስሐ አባታችሁ የምትሄዱ ከሆነም፥ ከቡናው በፊት ሂዱ።

እኔም በዚያው ሰሞን መዝገቡን ለሰበካ ጉባኤው ምእመናን አስረከብሁ። ስብሰባ በምናደርግበት ቤት ደጃፍ አሁን አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ከበሽተኛ ቤት የመጣ መልእክተኛ ቢኖር፥ ማን እየተናገረ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያስገባዋል። ባለፈው ኅዳር ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ከመካከል ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለቱንም በሕይወት ደረስሁባቸው። የዓመቱ ሒሳብም ያለ እኔ ተዘጋ፤ አንዲት ሳንቲም አልጐደለችም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።