ፓፓያ ከአዳማ እስከ ሃቫና

እሱ፦ አዳማ ላይ ስፕሪስ ስታዢ ከአቮካዶውና ከማንጎው ጋር ፓፓያ ይደረደርልሻል፤ ሎሚም ጠብ ይልበታል። ስሙን ለዓለም ያዳረሱት ስፓኒሾች ናቸው፣ ከካሪቢያን ሰዎች ወስደው።

እሷ፦ ሃቫና ሄደህ ግን እንዳትጠራው!

እሱ፦ ምነው?

እሷ፦ በሬዲዮ የማይጠራ የሴት ገላ ነዋ! ፍሬውን «ፍሩታ ቦምባ» ነው የሚሉት። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ሄደው የተማሩ ልጆቻችንን ጠይቃቸው።

እሱ፦ የመቂ ገበሬ እዚያ ቢሸጥ ጉድ ፈላ በይኛ!

እሷ፦ ሜክሲኮ ይሂድ፤ እዚያ ማንም አይቆጣውም። ኮሎምቢያዎች ደግሞ «ፓፓያ አትስጥ» ይላሉ፤ ለሌባ አትመቻች ለማለት።

እሱ፦ ይቺስ ለመናኸሪያችን ትሆናለች! ስልኩን በሚኒባስ መስኮት አውጥቶ የሚያወራውን አይተሻል?

እሷ፦ እሱማ ከነስፕሪሱ ነው የሰጠው!