ክፍላችን ውስጥ ስንት ቋንቋ አለ?

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «እንግሊዝኛን በማስተማር ረገድ አሁን ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚል ርእስ ሰጥተውኛል። አዲስ ነገርማ ሞልቷል። በስልክ የሚሠራ የቃላት መለማመጃ አለ፤ ድርሰት የሚያርም፣ ካልተጠነቀቅን ድርሰቱንም የሚጽፍ ማሽን አለ። የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ ግን አንዱን ብቻ ላንሳ። እሱም የተማሪው የራሱ ቋንቋ ወደ ክፍል እየተመለሰ መሆኑ ነው። ጉዳዩ የእንግሊዝኛ መምህራንን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። ኢንጂነሪንግም ሆነ አካውንቲንግ ወይም ግብርና በእንግሊዝኛ የምታስተምሩ ሁሉ አላችሁበት።

ተመለሰ ስንል መቼ ሄዶ ነበር? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በበርሊትዝ ትምህርት ቤቶች የታወቀው አሠራር መምህሩ በሚያስተምረው ቋንቋ ብቻ እንዲናገር ያዝዝ ነበር። ትርጉምም፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋም ከበር መልስ። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተመረቀበት ዓመት፣ ኡጋንዳ ማኬሬሬ ላይ ስለ እንግሊዝኛ ማስተማር ትልቅ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥር የሰደደው እምነት እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ብቻ ማስተማር ይሻላል፤ ሌላ ቋንቋ ከገባበት ደረጃው ይወርዳል የሚል ነው። ሮበርት ፊሊፕሰን የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን እምነት ነቅሰው አውጥተው የተሳሳተ ነው ብለውታል።

ሌላ መንገድ ካሳዩት መካከል የዌልስ መምህራን ይገኙበታል። ኬን ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት የገለጹት ዘዴ ቀላል ነው፤ ተማሪው በአንዱ ቋንቋ ያነባል፣ በሌላው ይጽፋል። ነገሩን ስታስቡት ብልሃት አለው። ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ ሳይገባን መገልበጥ እንችላለን፤ ስንቶቻችን በሀንድአውት ተመርቀን የለ! ያልገባንን ነገር በሌላ ቋንቋ ማስረዳት ግን አንችልም። ኋላ ኦፌሊያ ጋርሲያ ኒውዮርክ ሆነው ሐሳቡን አስፋፉት፤ ዛሬ ትራንስላንጉዌጂንግ ይባላል። የአውሮፓ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ፣ በአንድ ቋንቋ ያገኙትን ሐሳብ በሌላ ቋንቋ ለሌላ ሰው ማድረስን ራሱን የቻለ ችሎታ አድርጎ በሰፊው ዘርዝሮታል።

እስቲ ወደ ቤታችን እንግባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጁ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር፣ እንግሊዝኛንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲወስድ ደንግጎ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ፣ በአንዳንድ ክልሎችም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሁሉም ነገር ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ትናንት «ብርሃን አስተፃምሮ» ብሎ የተማረውን ዛሬ ፎቶሲንተሲስ ይሉታል። የሚያውቀው ነገር ስሙ ተቀይሮ ሲመጣበት እንደማያውቀው ይቆጥረዋል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማው መጣ፤ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይነጉድ ነበር። አልገባኝም ብሎ እጅ ላወጣ ልጅ ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ነገር አለበት። ግን ያንን ፈተና ለማንበብም መጀመሪያ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎቻችን የመውጫ ፈተና ሳያልፉ አይመረቁም፤ እሱም በእንግሊዝኛ ነው።

አሁን «የራሱ ቋንቋ ይግባ» ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። «ድሮስ መቼ ወጥቶ ያውቃል?» ነው ነገሩ። እውነት ነው። ስላይዱ እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው አማርኛ፣ ፈተናው እንደገና እንግሊዝኛ። ሁላችንም የምናውቀው፣ ማናችንም በሪፖርት የማንጽፈው ነገር ነው። እኔ የምለው ግን ይህን አይደለም። ይህ አሠራር ሁለት ሰው ይጎዳል።

አንደኛ፣ ከሶማሌ፣ ከሲዳማ ወይም ከወለጋ የመጣውን ተማሪ። አማርኛው ለእሱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል። መምህሩ «ላቅልላችሁ» ብሎ ወደ አማርኛ ሲሻገር ለግማሹ ክፍል ይቀላል፤ ለዚህ ልጅ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አማርኛ ተናጋሪውንም ቢሆን። ሰዓቱን ሙሉ በአማርኛ ሰምቶ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ ይወጣል። ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የሚሰማበት ቦታ የሌለው ልጅ ደግሞ ያችን አንድ ሰዓት ካጣ ምን ይተርፈዋል?

ስለዚህ የመምህሩን ቋንቋ መጨመርና የተማሪውን ቋንቋ ማሠራት ይለያያሉ። ለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ፤ በጀት አይፈልጉም።

አንደኛው ሦስት ደቂቃ ነው። ከባድ ሐሳብ ካስረዳችሁ በኋላ ቁሙ። ተማሪው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ፣ በሚግባቡበት በየትኛውም ቋንቋ፣ የገባውን ይናገር። አፋን ኦሮሞ ይሁን፣ ትግርኛ ይሁን፣ ወላይትኛ ይሁን፣ እናንተ ባይገባችሁም ግድ የለም። የጋራ ቋንቋ የሌላቸው በእንግሊዝኛ ይሞክሩ። ከዚያ እያንዳንዱ የተነጋገረበትን በእንግሊዝኛ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፤ ማሰቡ በራሱ ቋንቋ፣ መጻፉ በእንግሊዝኛ። ሰማንያ ተማሪ ባለበት ክፍልም ይሠራል፤ ወንበር ማንቀሳቀስ እንኳ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የቃላት መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አሥር ቁልፍ ቃላት ምረጡ፤ ተማሪዎቹ በየቋንቋቸው ምን እንደሚባሉ ይጻፉ፣ ይከራከሩበት። ትምህርት ክፍሉ ያስቀምጠውና ለሚቀጥለው ባች ይስጠው። እዚህ ላይ እናንተ ምሩቃን ትፈለጋላችሁ። ሐኪሙ መጽሐፉን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛው ግን «ውጋት ያዘኝ» ነው የሚለው። የግብርና ባለሙያው መመሪያውን በእንግሊዝኛ ተቀብሎ ለገበሬው በገበሬው ቋንቋ ያስረዳል። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር የዕለት ተዕለት ሥራችሁ ነው፤ እኛ ግን ለዚህ ተማሪ አሠልጥነን አናውቅም። በየሙያችሁ የምትጠቀሙባቸውን ቃላት ብትልኩልን መዝገቡ ነፍስ ይዘራል።

ሦስተኛው እርማት ነው። የአፈር ሳይንስ የምታስተምሩ ከሆነ ስንቱ ማርክ ለሐሳቡ፣ ስንቱ ለቋንቋው እንደሆነ ለዩና አስቀድማችሁ ለተማሪው ንገሩት። ሐሳቡን አግኝቶ ሰዋስው የሳተ ልጅና ሐሳቡን ያልያዘ ልጅ አንድ ዓይነት ውጤት ሲያገኙ፣ የመጀመሪያው ዝም ማለትን ይማራል።

«ደረጃው አይወርድም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የጠየቅኋችሁን መለስ ብላችሁ እዩት። በዚህ አሠራር ተማሪው በየክፍለ ጊዜው በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ዛሬ ግን እየገለበጠ ነው የሚወጣው። የሚጨምረው እንግሊዝኛው ነው። የንግግር መለማመጃ በሆነው ክፍለ ጊዜም እንግሊዝኛው ሙሉ ድርሻውን ይዞ ይቀጥል፤ እሱን አትንኩት።

በሁለት የፍሬሽማን ኮርስ ይህን ሁሉ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ብቻውን ሊወጣው አይችልም። በመጪው ሴሚስተር ከኮርሳችሁ አንድ ምዕራፍ ብቻ መርጣችሁ ሞክሩት። ከምዕራፉ በፊትና በኋላ ተማሪዎቹ የጻፉትን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። ካልሠራ በሚቀጥለው ስብሰባ አልሠራም በሉኝ፤ ከሠራ ደግሞ ለጎረቤት ትምህርት ክፍል አስተላልፉት።