የዘር ምርጫና የሩጫ ውሾች ግዝፈት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የአንድን የቤት እንስሳ ግዝፈት የሚወስነው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ የሚሸለምበት ውድድርም ነው። ለዚህ አባባሌ ግሬይሀውንድ የተባለውን የሩጫ ውሻ ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ።

ቀድሞ በእንግሊዝና በአየርላንድ ሁለት ውሾች በገላጣ ሜዳ ላይ አንዲት ጥንቸል እንዲያሳድዱ ይለቀቁ ነበር። ዳኛው ነጥብ የሚሰጠው ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ጥንቸሏን ከመንገዷ ለማስቀየርም ስለ ነበረ፣ በቅጽበት የሚታጠፍ ቀላል ውሻ ከግዙፉ ጋር እኩል ይፎካከር ነበር። ማስተር መግራዝ የተባለው የአየርላንድ ውሻ 24 ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ሲመዝን፣ የዋተርሉን ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1868፣ በ1869 እና በ1871 አሸንፏል።

በ1919 ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ በካሊፎርኒያ ውሾች ሰው ሠራሽ ጥንቸል ተከትለው የሚሮጡበትን ሞላላ የመሮጫ ሜዳ ከፈተ። በ1926 ውድድሩ በእንግሊዝ አገር ማንችስተር ከተማ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ሰዓት ሆነ። ከመነሻው ሳጥን ተፈናጥሮ ለመውጣት የሚያስችለው የኋላ እግር ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ክብደት ነው። ክብደትም ከወላጅ ወደ ቡችላ በጉልህ ይተላለፋል። በ1929 እና በ1930 የእንግሊዝን ደርቢ ያሸነፈው ሚክ ዘ ሚለር 29 ኪሎ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ30 እስከ 36 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ውሻ የተለመደ ነው። የተሻለ ምግብና የጥገኛ ትላትል ሕክምናም ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ለርቢ የሚቀረው ማን እንደሆነ የሚወስነው ሰው ነው። የአንድ ዝነኛ ውሻ ዘር በበረዶ ተጠብቆ በየአገሩ በሚሰራጭበት ዘመን የጥቂት ሰዎች ምርጫ የዝርያው ሁሉ ዕጣ ይሆናል።

ዕዳውን የሚከፍለው አጥንት ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ የአንድ ውሻ ክብደት በ50 ከመቶ ቢጨምር፣ የአጥንቱ ውፍረት በአግድም ሲለካ ስፋቱ የሚያድገው በ31 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ግሬይሀውንድ በመታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን አይቀንስም፤ በእግሮቹ ላይ የሚያርፈው ኃይል ግን በ65 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ሩጫው ወደ ግራ የሚዞር በመሆኑ የቀኝ የኋላ እግር የቁርጭምጭሚት አጥንት ስብራት የታወቀ ጉዳት ሆኗል። ለብዙ ውሾች ይህ የሩጫ ዘመናቸው ፍጻሜ ነው።

የመታጠፊያውን ጥምዝ ማለዘብ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ለርቢ የሚመረጠው ውሻ በሰዓቱ ብቻ ሳይሆን፣ ልጆቹ ስንት ዓመት ሳይሰበሩ እንደ ሮጡ ተቆጥሮ ሊመዘን ይገባል። ለዚህም የጉዳት መዝገብ ከዘር መዝገብ ጋር ተያይዞ መያዝ አለበት፤ ይህም የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። በወተቷ ብዛት ብቻ ላም ለሚመርጥም ሰው ምክሩ ያው ነው። እንስሳው የምንሸልመውን ይሰጠናል፤ ያልጠየቅነውን ግን በገዛ አካሉ ይከፍላል።