የወጪ ደብተራችንና የጡረታችን ሒሳብ
(በዕድራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ባልና ሚስት በ2012 ዓ.ም. አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተን የቤታችንን ወጪ መጻፍ ጀመርን። ጤፉም፣ ዘይቱም፣ ከሰሉም፣ ዕቁቡም፣ ለቅሶውም ማታ ማታ ይመዘገባል። ሁለታችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነንና በ60 ሳይሆን በ55 ዓመታችን ጡረታ ለመውጣት እናስባለን።

ሕጉ 25 ዓመት ላገለገለ ይፈቅዳል። ነገር ግን ሒሳቡን እንየው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። የ25 ዓመቱ 48.75 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የመጨረሻውን 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ ግማሽ እንኳ አይሞላም!

ስለዚህ ጥያቄው «መቼ እንውጣ?» ሳይሆን «በግማሽ ደመወዝ እናድራለን ወይ?» ነው። መልሱ ያለው ደብተሩ ላይ ነው። ብሩን ብቻ ሳይሆን ኪሎውንም እንጽፋለን፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብሩ ሲጨምር ኪሎው ባለበት ቆሞ አይተናልና። በ2014 በጦርነቱ ከተማችንን ለቀን ስንወጣም በእጃችን ያለው ስንት ሳምንት እንደሚያኖረን የነገረን ይኸው ደብተር ነው።

ባለፈው ዓመት በግማሽ ደመወዝ ኖረን ስንሞክረው ስምንቱ ወር ተሳካ። ያቃተን በትምህርት ቤት መክፈቻና በዓመት በዓል ወራት ነው፤ ለእነዚያ አሁን ዕቁብ ገብተናል። ዕድርና ለቅሶ ግን አይቀነስም፤ በጡረታ ዘመን ደጋፊያችን ጎረቤት ነውና።

እናንተም ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ጀምሩ። ባልና ሚስት አብራችሁ ጻፉት፤ አንዱ ብቻ የሚያውቀው ሒሳብ ቤት አያቆምም።